ምዕራፍ 7፦ ለሥጋ በላ የሚዘራ ገብስ

ድመት ሥጋ በላ መሆኗን ለማወቅ አፏን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ከ30 ጥርሶቿ መካከል እህል ወይም ቅጠል ለመፍጨት የሚሆን ሰፊና ጠፍጣፋ ጥርስ አይገኝም። የኋላ ጥርሶቿ እንደ መቀስ እየተላለፉ ሥጋ ይቆርጣሉ፤ መንጋጋዋም ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ በሬ እንደሚያደርገው ወደ ጎን አይሄድም። አንጀቷ አጭር ነው፤ በሚያመነዥኩ እንስሳት ሆድ ውስጥ ለረጅም ሰዓት እየተብላላ የሚቆይ ሣር እሷ ዘንድ ማረፊያ የለውም። ምላሷ ጣፋጭ የሚባል ጣዕም እንኳ አያውቅም። ፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል የምርምር ማዕከል ሳይንቲስቶች በ2005 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ጣፋጭን ከሚለዩት ዘረመሎች አንዱ በቤት ድመትም ሆነ በአቦ ሸማኔ ውስጥ ተበላሽቶ ሥራ ያቆመ መሆኑን አሳይተዋል።

ይህችው እንስሳ በር ተከፍቶላት ግቢ ስትወጣ ግን ወደ ሰርዶው ታመራለች። አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርግና ለጋውን ቅጠል በኋላ ጥርሷ ይዛ ትቆርጠዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ነከስ ነከስ አድርጋ ትውጠዋለች፤ አላመጠችውም ማለት ይቻላል። በማግስቱ ኩሷ ውስጥ፣ ወይም ቶሎ ካስመለሳት ትውከቷ ውስጥ፣ ያው ቅጠል መልኩ ሳይጠፋ ይገኛል። ሰውነቷ ካልፈጨው፣ ጣዕሙም ካልሳባት፣ ታዲያ ለምን ትበላዋለች?

አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ «ሆዷን አሟት ነው፤ ለማስመለስ ብላ ነው» የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ ስትላስ የዋጠችውን ጸጉር ለማውጣት ነው ይላሉ። ሁለቱም መልሶች ከዓይን የመነጩ ናቸው፤ ድመት ሣር በልታ ስታስመልስ ያየ ሰው ሁለቱን ማያያዙ አይፈረድበትም። ችግሩ ሳታስመልስ የበላችበትን ቀን ማንም ልብ ብሎ አለማየቱ ነው። ትውከት ምንጣፍ ላይ ይታያል፤ በሰላም ያለፈ ሣር ግን አይታይም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ የሆኑት ቤንጃሚን ሃርትና ባልደረቦቻቸው ይህን ለማጥራት በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት ድመታቸውን የሚያዩ ከ1,000 በላይ ባለቤቶችን ጠየቁ። ውጤቱን በ2019 በኖርዌይ በርገን በተካሄደ ጉባኤ አቀረቡት። ከተጠየቁት 71 በመቶው ድመታቸው ሣር ወይም ሌላ ተክል ስትበላ ቢያንስ 6 ጊዜ አይተዋል፤ ፈጽሞ አላየንም ያሉት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመብላቷ በፊት የሕመም ምልክት አይተን ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ 91 በመቶው ደህና ነበረች ብለው መለሱ። ከበላች በኋላ ብዙ ጊዜ ታስመልሳለች ያሉት ሩብ ያህሉ ናቸው። የጸጉሩም ነገር አልቆመም፤ ምክንያቱ ጸጉር ቢሆን ኖሮ ጸጉረ ረጃጅሞቹ ድመቶች አብልጠው ሊበሉ በተገባ ነበር፤ በኋላ የወጣው ዝርዝር ጥናት ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም። እኔን ከሁሉ የበለጠ ያሳመነኝ ደግሞ የዕድሜው ነገር ነው፦ ወጣት ድመቶች ከጎልማሶቹ ይልቅ ደጋግመው ሣር ይበላሉ፣ የሚያስመልሳቸው ግን ከጎልማሶቹ ባነሰ ነው። በሽታ ያመጣው ጠባይ ቢሆን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

ሃርት ያቀረቡት ማብራሪያ ታንዛኒያ ድረስ ይወስደናል። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ራንግሃምና ጃፓናዊው ቶሺሳዳ ኒሺዳ በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በጎምቤና በማሃሌ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ሸካራና ጸጉራም ቅጠል እያጠፉ ሳያኝኩ እንደሚውጡ ዘግበው ነበር። ቅጠሉ ሳይፈጭ ያልፋል። ኋላ ሌላው ተመራማሪ ማይክል ሃፍማን ጉዳዩን ሲከታተሉ፣ ሸካራው ቅጠል አንጀትን እየቀሰቀሰ የአንጀት ትሎችን ጠራርጎ እንደሚያወጣ አሳዩ። የድመትም ሣር በዚሁ መንገድ ይታያል። የሣር ቅጠል ጠርዝ ላይ በሲሊካ የጠነከሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፤ ጣትን የሚቆርጠው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቅጠል ሳይፈጭ በአንጀት ውስጥ ሲጓዝ ጡንቻውን ያንቀሳቅሳል፣ ያገኘውንም ይዞ ይወጣል። ድመቷ ዛሬ ትል ባይኖርባትም፣ ልማዱ በትል ይሠቃዩ ከነበሩት የዱር ቅድመ አያቶቿ ተላልፎላታል። ይህ ማብራሪያ በድመት ላይ ገና በቀጥታ ሙከራ የተረጋገጠ ሳይሆን ካሉት ማስረጃዎች ጋር ከሁሉ የተሻለ የሚስማማ ግምት ነው። በዱር ድመት ኩስ ውስጥ የሣር ቅጠል በየአገሩ መገኘቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

የእነዚህ ቅድመ አያቶች ታሪክ ደግሞ ከእህል አይለይም። የቤት ድመት የወጣችው በእኛም አገር ከሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ዝርያ፣ በተለይ በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው ወገን መሆኑን በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት አመልክቷል። እዚያ ሰው ገብስና ስንዴ ማልማት ሲጀምር እህሉ አይጥን ጠራ፣ አይጥ ድመትን ጠራች። በቆጵሮስ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት አጽም ተገኝቷል። በእኛም ገጠር ድመት ቦታዋ ጎተራው ሥር ነው። በራፉ ላይ ሣር ስላለ ስለ ሣሯ የሚጨነቅላት ሰው የለም፤ ስትፈልግ ወጥታ ትግጣለች።

ጭንቀቱ የመጣው በሩ ሲዘጋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለች ድመት መሬት አትረግጥም። እንዳትወጣ መደረጉም ትክክል ነው እላለሁ፤ ውጭ መኪና አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ጎረቤት ለአይጥ ያስቀመጠው መርዝ አለ፤ መርዙን የበላች አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ዱባይም፣ ሪያድም፣ ዋሽንግተንም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ድመት ካላቸው ከበር አያስወጧትም። ዘግተን ካሳደግናት ግን በሩ ያስቀረባትን ነገር የማምጣት ግዴታው የእኛ ይሆናል። ምግቧን፣ ውኃዋን፣ አሸዋዋን እናስባለን፤ ሣሯን እንረሳለን።

ስንረሳው እሷ አትረሳውም። ቤት ውስጥ አረንጓዴ ነገር ካገኘች እሱኑ ትቀምሳለች፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሳሎናችንን ያስዋቡት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ብዙዎቹ፣ ዲፌንባኪያ፣ ፊሎዴንድሮን፣ ሞንስቴራና በግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ፖቶስ፣ ቅጠላቸው ውስጥ መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሏቸው፤ አፏን ያቃጥላሉ፣ ለሃጭ ያስዝረበርባሉ። እሬት ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። የቅንጭብ ወተት ቆዳና ዓይን ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ሊሊ የሚባለው አበባ ነው። ቅጠሉን ብትነክስ፣ ጸጉሯ ላይ የረገፈውን ብናኝ ብትልስ፣ አበባው የቆመበትን ውኃ ብትጠጣ እንኳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩላሊቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ መግባት የለበትም፤ እቅፍ አበባ ተሰጥቶዎት ሊሊ ካለበት አውጥተው ለሌላ ሰው ይስጡ። አገራችን በብዛት የምታመርተው ጽጌረዳ መርዝ የለውም፤ እሾሁን መጠንቀቅ ብቻ ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቄጤማም ድመቶች ያኝካሉ። ቄጤማ በራሱ ባይጎዳትም የት እንደበቀለ አይታወቅም፤ በከተማው የተበከሉ ወንዞች ዳር የታጨደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ጠርጎ ማውጣት ይሻላል።

ቤት ውስጥ ሣር ማብቀል ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። ለጠላ ብቅል የሚያዘጋጅ ቤት ሁሉ ግማሹን ሥራ ያውቀዋል። ገብሱ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ተጠንፍፎ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጎነቁላል። በዚያ ጊዜ ገብሱ ውስጥ የሚካሄደው ነገር አስደናቂ ነው። ሽሉ ውኃ ሲያገኝ ጂበረሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ይቀሰቅሰዋል፤ ሽፋኑ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ኢንዛይሙ የታመቀውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። ቡቃያው ብርሃን አግኝቶ ራሱን እስኪችል የሚበላው ስኳር ይህ ነው። ጠላ ጠማቂዋ የምትፈልገው ኢንዛይሙን ስለሆነ እዚህ ላይ ታቆመዋለች፤ ፀሐይ ላይ አድርቃ ትፈጨዋለች። ለድመት የሚዘራው ከዚሁ ቦታ ይለያል፦ ጉንቁሉ አይደርቅም፤ አፈር ላይ ሆኖ ማደጉን ይቀጥላል። ብቅል የሚጣፍጠው በስኳሩ ነው፤ ድመቷ ግን ጣፋጭ ስለማታውቅ ቡቃያው የሚስባት በልስላሴውና በሽታው ይመስለኛል።

የእህሉ ምርጫ ትልቁ ጉዳይ ነው። ገብስ፣ ስንዴና አጃ ሦስቱም ይሆናሉ። የአጃ ቅጠል ለስለስ ያለና ሰፊ ስለሆነ ብዙ ድመቶች ይወዱታል፤ በገብስ መካከል የሚበቅለው ሲናርም የአጃ ዘመድ ነውና ከገብሱ ጋር ቢበቅል አይነቀልም። እኔ የምመርጠው ገብስን ነው፤ በርካሽ ይገኛል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ የአዲስ አበባን ብርድ አይፈራም። እህሉ ጥሬ መሆን አለበት። ቆሎ ሽሉ በእሳት ሞቷል። የተፈተገ ገብስም አብዛኛውን ጊዜ ሽሉ ተነክቷል። ነቀዝ የበላው ሲዘፈዘፍ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፋፊውን መድፋት ነው።

ከምንም በላይ ግን ለዘር ተብሎ የሚሸጥ እህል አይግዙ። ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ ፀረ ፈንገስና ፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተቀባ ነው፤ ሰው በስህተት እንዳይበላው ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም ይደረግበታል። ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም። ለሰው ምግብ የሚሸጠው ገብስም ቢሆን በመጋዘን ለነቀዝ ዱቄት መድኃኒት ተነስንሶበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ቢሆን ይመረጣል፤ ያም ሆኖ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያለ አንባቢ የእንስሳት መደብር ውስጥ «የድመት ሣር» ተብሎ በትንሽ ኩባያ የሚሸጥ ያገኛል፤ ውስጡ ያለው ይኸው አጃ፣ ስንዴ ወይም ገብስ ነው። ከምግብ መደብር የተገዛ ያልተፈተገ ገብስ ያንኑ ሥራ በትንሽ ዋጋ ይሠራል።

ማብቀያው ከበድ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ድመት ሣር ስትበላ ስለምትጎትት ቀላል የፕላስቲክ ዕቃ ይገለበጣል። ታቹ የተበሳ የሸክላ ዕቃ ከሁሉ ይሻላል። ንጹሕ አፈር አንድ ጣት ያህል ጥልቀት እስኪኖረው ይሞላል። አፈር ሳይኖር በጥጥ ወይም በእርጥብ ወረቀት ላይም ይበቅላል፤ ሥሩ ግን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ድመቷ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነቅላ ታወጣዋለች። ሌሊቱን የተዘፈዘፈው ገብስ አፈሩ ላይ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብ፣ ቦታውን እስኪሸፍን ይበተናል። ከላይ ስስ አፈር ይነሰነስበታል። ውኃ በመርጨት ይሰጠዋል እንጂ አይፈስበትም። እስኪጎነቁል ድረስ ብርሃን አያስፈልገውም፤ ጨርቅ ወይም ክዳን ጣል አድርጎ ማቆየት እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ነጩ ጫፍ ብቅ ሲል ክዳኑ ይነሳና ወደ መስኮት ይወሰዳል። በሁለት ቀን ውስጥ ነጩ አረንጓዴ ይሆናል። ከተዘራ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የመዳፍ ስፋት ያህል ያድጋል፤ በብርዳማ ሰሞን ጥቂት ይዘገያል። ያኔ ለድመቷ ይቀርባል።

ክረምት ላይ ጠላቱ ሻጋታ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ አጥታ ትሰነብታለች፣ ቤቱ ይረጥባል፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተዘራ ገብስ ሥር ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ጥጥ መሳይ ነገር ይወጣል። የሥር ጸጉር ከሻጋታ ጋር እንዳይምታታ መለየት ይቻላል፤ የሥር ጸጉር ሥሩን ብቻ ተከትሎ በአንድ ዓይነት ርዝመት ይቆማል፣ ውኃ ሲረጭበት ይጠፋል፤ ሻጋታ ግን በፍሬውና በአፈሩ ላይ ድር ያደራል፣ ይሸታል። ሻጋታ የያዘው ሁሉ ይጣላል፤ ከላይ ቆርጦ ቀሪውን መስጠት አይገባም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በዓይን አይታይምና። መከላከያው ሳስቶ መዝራት፣ ውኃውን ማሳነስና መስኮቱን በቀን ጥቂት ከፍቶ አየር ማስገባት ነው።

ሣሩ ሲቀርብ ከምግቧ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ የምታገኝበት ቦታ ይቀመጥ። አስገድዶ ማስሸተት አያስፈልግም። አንዳንዷ ወዲያው ትግጠዋለች፣ አንዳንዷ ቀናት ትቆያለች፣ ከ11 በመቶዎቹ ወገን የሆነችም ልትኖር ትችላለች። ለጋ እያለ ትብላው፤ ያረጀ ቅጠል ይጠነክራል። ጠንካራ የሣር ቅጠል ስትውጠው ወደ ላይ ተመልሶ ከአፍንጫዋ ጀርባ ሊሰካ ይችላል፤ ይህ የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነገር ነው። ሣር ከበላች በኋላ ድንገት ማስነጠስ ከጀመረች፣ በመዋጥ የተቸገረች ከመሰለች፣ ወይም ከአንድ አፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ ሐኪም ጋር ትሂድ። ዛላ ያወጣ የሜዳ ሣር ደግሞ ቤት አይግባ፤ ዛላው ላይ ያሉት ሹል ጸጉሮች አፍንጫ፣ ጆሮና ቆዳ ውስጥ ገብተው ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄዱም።

አንዴ አስመልሷት ወዲያው እንደ ወትሮዋ ከተጫወተችና ከበላች አያስፈራም። በቀን ደጋግሞ የሚያስመልሳት፣ ምግብ እምቢ ያለች፣ የደበታት ድመት ግን ምክንያቱ ሣሩ ነው ተብሎ መተው የለባትም። ድመት ለቀናት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ገዳይ በሽታ ነው። ሣር የትል መድኃኒትንም አይተካም። የቅድመ አያቶቿ ሣር ትሉን አሳንሶ ይሆናል፤ ዛሬ መድኃኒት እያለ ግን በሣር ማከም እሷን መበደል ነው።

በፊልምና በኢንተርኔት ድመትን የሚያንከባልላት፣ የሚያሰክራት ተክል የሚታየው ሌላ ነው። እሱ የናና ዘመድ ሲሆን ኔፔታላክቶን የሚባል ሽታ ያለው ንጥረ ነገር አለው፤ ሳይንቲስቶች በ2021 እንዳሳዩት ድመቶች በተመሳሳይ ተክል ላይ የሚንከባለሉበት ሽታ ትንኝ ያባርርላቸዋል። ሣር አያሰክርም፤ የሚበላውም ለሌላ ጉዳይ ነው።

የገብሱ ሣር ዘላለማዊ አይደለም። የሣር ማደጊያው ከቅጠሉ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ ስለሆነ ድመቷ ጫፉን ብትቆርጠውም መልሶ ያድጋል፤ በጎችና ከብቶች ሜዳውን ሳይጨርሱት የሚግጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በቀጭን አፈር ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ፣ ፍሬው ውስጥ የነበረው ስንቅ ካለቀ በኋላ ቡቃያው ቢጫ እየሆነ ይመጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያገለግላል። ስለዚህ አንደኛው ዕቃ ለድመቷ በቀረበ ዕለት ሁለተኛው ይዘራ። ቢጫ የሆነው ከነሥሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ሻጋታ ከሌለበት ዶሮ ላለው ጎረቤት መስጠት ይቻላል፣ ካልሆነም ለአበባ አፈር ይሆናል። ዕቃው ታጥቦ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ለሚቀጥለው ዘር ይዘጋጃል።